ዊተንበርግ፦ የሉተር ከተማና የግድግዳው ላይ አሳማ

ያደግኩት መካነ ኢየሱስ ነው። የሉተርን ካቴኪዝም፣ የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉን፣ በቃሌ ስለተማርኩ ዊተንበርግን የማየት ጉጉቴ የቆየ ነው። ከበርሊን በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትኬቱን የቆረጥኩት በዕለቱ ስለነበር ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

ያደርኩበት ፔንሲዮን 70 ዩሮ ተቀብሎኝ ሌሊቱን በብርድ ስንቀጠቀጥ አነጋሁት። ማሞቂያው አይሠራም። ብርድ ልብስ የሚጨምርልኝ ሰውም አጣሁ። ካፖርቴን ደርቤ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ከተባለ።

ጠዋት የቤተ መንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ሉተር የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶን ያስጀመረባቸው 95ቱ አንቀጾች የተጻፉበት የነሐስ በር አለ፤ ውስጥ ደግሞ የሉተር መቃብር። ሰው ፎቶ ለመነሳት ይጋፋል። እኔም ተነሳሁ።

ከዚያ ሉተር ይሰብክበት ወደነበረው የከተማው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውስጡ ደስ ይላል፤ ሠዓሊው ክራናክ የሣለው የመሠዊያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። ልቤን የሰበረው ውጭ ያለው ነው። በደቡብ ምሥራቁ ጥግ፣ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ እናት አሳማ ተቀርጻለች። ሾጣጣ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ሆዷ ሥር ተሸጉጠው ጡቷን ይጠባሉ። አንዱ ደግሞ ከኋላዋ ሆኖ ጭራዋን ገልቦ ያያል። ቆቡ የአይሁድ መለያ ነው፤ ከኋላ ያለው ረቢያቸው ነው። አሳማ በሕጋቸው ምን እንደሆነ ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የተቀረጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1290 አካባቢ ነው። ሂትለር ከመወለዱ 600 ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። ሉተርም ገና አልተወለደም። አውሮፓ ውስጥ የአይሁድ ጥላቻ ሲነሳ ሁላችንም ወደ 1930ዎቹ እንሮጣለን። ሥሩ ግን እዚህ ነው፤ የጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ።

ቀና ብዬ እንደቆምኩ አንዲት አሮጊት መደገፊያ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና ወደ መሬቱ ጠቆሙኝ። በ1988 የተቀመጠ የነሐስ ሰሌዳ ነው። ከሥሩ የሆነ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ይመስላል፤ ስንጥቁ መስቀል ይሠራል። ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አነበቡልኝ፤ የእግዚአብሔር ስም በስድስት ሚሊዮን አይሁድ ውስጥ፣ በመስቀል ምልክት ሥር ሞተ ይላል። «ልጅ ሳለን ማንም አልነገረንም» አሉኝ።

ለእኔስ ማን ነገረኝ? ሉተር በ1523 ስለ አይሁድ በለዘብታ ጽፎ ነበር፤ ክርስቲያን ይሆናሉ ብሎ ተስፋ አድርጓል። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚሁ ዊተንበርግ መጥቶ አግኝቶታል፤ ሉተርም በፍቅር ተቀብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። ይህን ታሪክ እኛ በኩራት እንናገራለን። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳክሶኒው ልዑል አይሁድን ከግዛቱ አባረረ። በ1537 የአይሁድ ጠበቃ የነበረው የሮስሃይሙ ዮሰል አማልደን ብሎ ሉተርን ለመነ። ሉተር እምቢ አለ። በ1543 ምኩራባቸው ይቃጠል፣ ቤታቸው ይፍረስ፣ የጸሎት መጻሕፍታቸው ይወሰድ ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት በሌላ መጽሐፉ ይህችኑ አሳማ እያነሳ ተሳለቀባቸው። በኅዳር 1938 ናዚዎች ምኩራቦችን ያጋዩበት ሌሊት የነጋው በሉተር ልደት ቀን ነው። የቱሪንጊያው ጳጳስ ማርቲን ዛሰ ይህን መግጠሙን በጽሑፍ አሞግሶታል።

ምሳ በላሁ። ያላዘዝኩት ዳቦ ሂሳብ ላይ ተደምሮ መጣ፤ ለመጨቃጨቅ አቅሙም አልነበረኝ።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቀው ዩደንሽትራሰ፣ በአይሁድ መንገድ፣ ስዘዋወር ስለሌላው ሥር አሰብኩ። ክርስቶስን ገደሉ የሚለው ስብከት አንድ ነገር ነው፤ እንጀራቸው የተዘጋበት መንገድ ሌላ። በ1215 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ በልብስ እንዲለዩ አዘዘ። በብዙ ቦታ መሬት መያዝ አይችሉም፤ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አይቀበላቸውም። ክርስቲያን በወለድ እንዳያበድር ቤተ ክርስቲያን ስለከለከለች ለብዙዎቹ ማበደር ቀረላቸው። ከዚያ አራጣ በላ ተብለው ተጠሉ። ጎንደር ትዝ አለኝ። ቤተ እስራኤሎችን ርስት ነፍገን ወደ ብረትና ሸክላ ሥራ ገፋናቸው፤ ከዚያ በእጃቸው ሥራ ቡዳ አልናቸው። ልጆች ሆነን ይህን ስንሰማ ያስደነገጠው ሰው አላስታውስም።

ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ የውኃ ጉድጓድ መረዙ ተባለ። ሽትራስቡርግ ውስጥ የካቲት 14 ቀን 1349 በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ተቃጠሉ። በሽታው ያኔ ከተማዋ ገና አልገባም! የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 6ኛ እነሱም እኮ በወረርሽኙ እየሞቱ ነው ብለው አስቀድመው ጽፈው ነበር። ማን ይስማቸው።

ወደ ማታ አሮጊቷን አደባባዩ ላይ ዳግም አገኘኋቸው። ቡና ጋበዙኝ፤ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ። አንድ የአይሁድ እምነት ተከታይ ቅርጹ ይነሣልኝ ብሎ ከሶ እንደነበር ነገሩኝ። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 ክሱን ውድቅ አደረገ። ሰሌዳውና ማብራሪያው ስላሉ ስድቡ መታሰቢያ ሆኗል ነው ፍርዱ። እሳቸውም ይስማማሉ። «ከወረደ ይረሳል» አሉኝ።

እኔ አልተዋጠልኝም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1984 የሉተርን ጸረ አይሁድ ጽሑፎች በይፋ ተቃውሟል፤ ቤተ ክርስቲያኔም የፌዴሬሽኑ አባል ናት። ታዲያ የነቀፍነው ነገር የጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? አንድ አይሁዳዊ በዚያ ሲያልፍ ቀድሞ የሚያየው አሳማዪቱን ነው፤ ሰሌዳው ከእግሩ ሥር ነው። ባቡሬ እስኪደርስ ተከራከርን፤ ሳንስማማ ተሰነባበትን። ሙዚየም ይግባ ባይ ነኝ፤ ከ1543ቱ መጽሐፍ ጎን፣ ካቴኪዝም የተማረ ሁሉ ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያያቸው።