የድሮውን ራዲዮን በዊንዶውስ 10 ላይ፦ መጫኑ ሳይሆን ማቆየቱ ነው ጣጣው

ራዲዮን ኤችዲ 5450 የሚባለው የድሮ የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) ያለበት ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 10 ሲጫንበት ፊደሉ ተለጥጦ፣ ምስሉ ደብዝዞ ከመጣ «ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» የሚል ጠጋኝ ደብረ ብርሃን ላይ አይታጣም። ሳይፈትሹ የሚፈርዱት እስከ ዛሬ ያናድዱኛል። ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ደህና ነው፤ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስንና ካርዱን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው።

ካርዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አትተማመኑ። እዚያው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር አይዲስ ግቡና ቁጥሩን አንብቡ። 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 8086 ካለ ኢንቴል ነው። የ5450 የራሱ ቁጥር 68ኤፍ9 ነው፤ ጻፉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ኤኤምዲ እነዚህን ካርዶች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ከመደበኛው ድጋፍ አውጥቷቸዋል። ለዊንዶውስ 10 የቀሩት ድራይቨሮች ካታሊስት 15.7.1 እና ክሪምሰን 16.2.1 ናቸው። «ሁልጊዜ የመጨረሻውን ጫን» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ አልቀበለውም፤ 16.2.1 ቤታ (የሙከራ እትም) ሆኖ የቀረ ነው። የማይክሮሶፍትን ፈተና ያለፈውን 15.7.1 ያዙ። አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት።

አጫጫኑ አጭር ነው። ኔትወርኩን ንቀሉ፣ ሺፍት ተጭናችሁ ሪስታርት አድርጉ፣ ከስታርታፕ ሴቲንግስ 4ን መርጣችሁ ሴፍ ሞድ ግቡ፣ ቀድማችሁ ባወረዳችሁት ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም የቀድሞውን ድራይቨር ጠርጉ፣ ከዚያ በመደበኛው ተነስታችሁ ጫኑ። መጫኛው «ጨርሻለሁ» ብሎ ድራይቨሩ ካልገባ፣ ሲ ድራይቭ ላይ በተዘረገፈው የኤኤምዲ ፎልደር ውስጥ የዊንዶውስ 10ን የዲስፕሌይ ፋይል፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ድራይቨር ስትቀይሩ በሚመጣው «ሃቭ ዲስክ» በኩል ስጡት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግማሹ ላይ አትደርቡ፤ ከጠረጋው እንደገና ጀምሩ።

አሁን ወደ ጣጣው። ኔትወርኩን በመለሳችሁ ጊዜ ዊንዶውስ አፕዴት የራሱን ድራይቨር ፈልጎ በእናንተው ላይ ሊደርብ ይችላል። ስክሪኑ በሥራ መሃል ይጨልማል፣ ይመለሳል፤ በኤችዲኤምአይ ከሆነ በምስሉ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ይቀራል። ያን ጠርዝ የምታጠፉት በካታሊስት ኮንትሮል ሴንተር ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአዲሱ ድራይቨር ጋር ስለማይገጥም አልከፍትም ይላል። ሮል ባክ ብታደርጉ (ወደ ቀድሞው ድራይቨር ብትመልሱት) እስከሚቀጥለው የአፕዴት ፍተሻ ብቻ ነው። የስልክ ሆትስፖትን «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠርበት) ማድረግም ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል፤ ማሽኑ ቢሮ ሄዶ ኬብል ሲሰካበት ይፈርሳል።

«አውቶማቲክ አፕዴቱን አትንኩ» የሚል መመሪያ የሚለጥፉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ለአዲስ ማሽን እሺ፤ ለዚህ ካርድ ግን ተጠቃሚውን ማሰቃየት ነው። የዊንዶውስ ፕሮ እትም ካላችሁ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር ውስጥ፣ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሪስትሪክሽንስ ሥር፣ መሣሪያን በአይዲ የሚከለክለውን መስመር ክፈቱና ያን የጻፋችሁትን የ68ኤፍ9 አይዲ ሙሉውን አስገቡ። ሁሉንም ድራይቨር ከመዝጋት ይህ ይሻላል፤ የፕሪንተሩ ድራይቨር እንደ ወትሮው ይመጣል። እዚያው ሥር «ቀድሞ ለተጫኑትም ይሁን» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ፈጽሞ እንዳትነኩ! ምልክት ካደረጋችሁባት ሲስተሙ የለፋችሁበትን ድራይቨር ራሱን ነቅሎ ያጠፋዋል። ክልከላው የእናንተንም እጅ ይይዛል፤ ድራይቨሩን መቀየር ስትፈልጉ መጀመሪያ አንሱት።

የዊንዶውስ ሆም እትም ላይ ይህ ኤዲተር የለም። ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ ሃርድዌር፣ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ ገብታችሁ «ኖ»ን ምረጡ። ከጎኑ መሣሪያው በትክክል ላይሠራ ይችላል ብሎ ያስፈራራል፤ አትደንግጡ። ዋጋው የፕሪንተሩን ድራይቨር ራሳችሁ ማምጣታችሁ ነው።

እንደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት በሚበዛበት ቦታ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ 5450ዎች ፋን ስለሌላቸው ይግላሉ። ዊንዶውስ ሲነሳ ከጨለመ ድራይቨር ጠርጥሩ፤ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ሲከፈት ብቻ ከጨለመና ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ) 4101ን፣ ማለትም የዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና ተነሳ የሚለውን ካሳየ ግን ድራይቨሩን ደጋግሞ መጫን ትርፉ ድካም ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት) ላይ ያለውን አቧራ ጥረጉ፣ ከሥሩ የደረቀውን የሙቀት ፔስት ቀይሩ፣ ኬዙንም ከግድግዳው አርቁት።