«መድኃኒትሽን መጨረሻ የወሰድሽው መቼ ነው?»

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ዘንግቼ አይደለም፤ ያዳነኝ እኔ በጠበቅሁት መንገድ ስላልነበረ ከየት እንደምጀምረው ቸግሮኝ ነው።

በእርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የኋላ ጭንቅላቴን ተመታሁ። ራሴን አልሳትሁም፣ ደምም አልፈሰሰኝም፤ ሲቲ ስካኑም ምንም አላሳየም። ሐኪሙ «የአንጎል መናወጥ ነው፤ ብዙው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል» አሉኝ። እኔ ግን ሳምንታቱ ወራት ሆኑብኝ። ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፣ የሳህን ኳኳታ ያስለቅሰኛል፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ መስመሮቹ ይዋኙብኛል። በጉባኤ ዝማሬ ሲጀመር ሁለት ጆሮዬን ይዤ ወደ ውጭ የምወጣ ሰው ሆንሁ። በአራተኛው ወር ድባቴው ተጨመረ። ጠዋት ከአልጋ መውረድ ተራራ ሆነብኝ፤ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ሳላውቅ አለቅሳለሁ።

ሌላ ሐኪም ለድባቴው ቬንላፋክሲን የተባለ መድኃኒት በ37.5 ሚሊግራም አስጀምረው ወደ 75 አሳደጉልኝ። ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ግን አልጠበቀኝም። አቅለሸለሸኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ አላበኝ፣ እንቅልፌም ጨርሶ ጠፋ። ከሁሉ የከፋው ማወቅ አለመቻሌ ነበር። ራስ ምታት ከምቱም ይመጣል፣ ከድባቴውም ይመጣል፣ ከመድኃኒቱም ይመጣል፤ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልም እንዲሁ። በሦስት ጠላት መካከል ቆሜ የትኛው እንደሚመታኝ የማላውቅ ዓይነት ነበርሁ።

በዚህ ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ መቆጣቴን አልደብቅም። «ለወዳጆቹ እንቅልፍን ይሰጣል» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣሪያውን እያየሁ «እንግዲያው እኔ ወዳጅህ አይደለሁም ማለት ነዋ!» አልሁት። በቀስታ አልነበረም ያልሁት።

ልክ በዚያን ሰሞን አንድ የማከብረው ሰው ከጸሎት በኋላ ጠጋ ብሎ «እምነት ካለሽ ይህ መድኃኒት ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳልተናገረ አውቃለሁ፤ ደግሞም ሁሉንም በእርሱ ላይ ላላክክ አልችልም። በጉዳቱ ተሰላችቼ ማቋረጫ ሰበብ እየፈለግሁ ነበርና ቃሉ ሰበብ ሆነኝ። እሑድ ጠዋት የመጨረሻዋን ካፕሱል ዋጥሁና ሰኞ ተውሁ። ለሐኪሜ አልነገርሁም፤ ለባለቤቴም አልነገርሁም። እምነት ነው ብዬ ነበር፤ እምነት ቢሆን ኖሮ ግን ባልደበቅሁት።

ማክሰኞ ሌሊት ሆነ። ከእንቅልፍ ያነቃኝ ቅዠት ነበር፤ እንደ እውነት የጠራ፣ ቀለሙ የበዛ ቅዠት። ልነሣ ስል ዓይኔን ወደ በሩ ባዞርሁበት ቅጽበት በራስ ቅሌ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ የተላጠ ሽቦ እንደ ነካ ሰው ከጭንቅላቴ እስከ ከንፈሬ «ዝዝ» ብሎ አለፈ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ ስመልስ ደገመኝ። ባዞርሁ ቁጥር ይነዝረኛል፤ ጨፍኜም ቢሆን ከዓይን ሽፋኔ ሥር ዓይኔ ሲንቀሳቀስ ይነዝረኛል። ወለሉ እንደ ጀልባ ይዋልላል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። በልቤ አንድ ነገር ብቻ መጣ፤ በጭንቅላቴ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ሲቲ ስካኑ ያላየው ደም።

ባለቤቴን ቀሰቀስሁት። ብርሃን እንደሚጎዳኝ ስለሚያውቅ መብራት አላበራም፤ የስልኩን ብርሃን ወደ ወለሉ አዙሮ ከአልጋው ሥር ተንበረከከና እጄን ይዞ ሁለታችንም ከልጅነታችን የምናውቃትን አንዲት መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ፤ ጆሮዬን እንዳያመኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔም «ተወው! የምትዘምርለት አይሰማም» አልሁት። ይህን ቃል ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቀላል። እርሱ ዝም አለ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ የጸለይሁት ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሆኖ የጸለየውን ነው፤ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ።

ባለቤቴ ጎረቤታችን ለሆኑት ጡረታ የወጡ ነርስ ደወለ። እኚህን እናት ሳላመሰግን ወደ ፊት ማለፍ አይሆንልኝም፤ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ተጫምተው ነው የመጡት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ዳግመኛ ወድቀሻል? ደጋግሞ አስመልሶሻል? ራስ ምታቱ እየባሰ ነው? ክንዶችሽን አንሺልኝ፤ እስኪ ፈገግ በይ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቀው በትንሽ ብርሃን የዓይኖቼ ብሌኖች እኩል መሆናቸውን አዩ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «መድኃኒትሽን መጨረሻ የወሰድሽው መቼ ነው?» አሉኝ።

ባለቤቴ «ዛሬ ጠዋት» ሊል አፉን ሲከፍት «እሑድ» አልሁ።

ማንም አልተቆጣኝም። እሳቸው ግንባሬን ዳብሰው «በድንገት በማቋረጥሽ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በመሰለኝ አይታከምም፤ ተነሡ እንሂድ» አሉና በተቀያየረ ጫማቸው አብረውን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዱ። ተረኛው ሐኪም በጥንቃቄ መረመረኝ፤ የደም መፍሰስ ምልክት አላገኘም። ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ከሚወጡት አንዱ ስለ ሆነ አንድ ቀን መዝለል እንኳ ሊሰማ እንደሚችል፣ የድባቴው ማገርሸት ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ቀስ እያለ ሲመጣ የማቋረጥ ምልክት ግን በቀናት ውስጥ እንደሚከሰትና መድኃኒቱ ሲመለስ ቶሎ እንደሚበርድ አስረዳኝ። ወራት ሙሉ «የትኛው ከየትኛው ነው?» እያልሁ ስጮህ የኖርሁበትን ጥያቄ ቢያንስ ለዚያች ሌሊት የፈታልኝ የአንዲት እናት አንድ ጥያቄ ሆነ። መድኃኒቱን እንደገና ጀመርሁ፤ ሐሙስ ማታ ንዝረቱ ጠፍቶ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና ሳይሆን ኀፍረት ነበር። ቤት ተመልሼ የኤልያስን ታሪክ ባለቤቴ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። «ነፍሴን ውሰድ» ላለው ነቢይ እግዚአብሔር የላከለት ተግሣጽ አልነበረም፤ መልአኩ ዳስሶት «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። ግንባሬን የዳበሰችው እጅ ትዝ አለችኝና ለረጅም ጊዜ አለቀስሁ።

ከዚያ ዐሥር ወር አለፈ።

ስበረታ ሐኪሜ መቀነስ እንችላለን አሉ። ወደ 37.5 መውረዱ ጥቂት ማዞር ብቻ አመጣ። አስቸጋሪው ከዚያ በታች ያለው ነበር፤ እንደ ነገሩኝ ትንሽ መጠን እንኳ በአንጎል ላይ ብዙ ስለሚሠራ፣ ወደ መጨረሻው በተቃረብን ቁጥር ቅነሳው ይበልጥ እያነሰ መሄድ አለበት። የእኔ ካፕሱል ውስጡ ጥቃቅን ፍሬዎች ስለ ነበሩት፣ ሐኪሜና ፋርማሲስቱ ተማክረው እንድከፍተውና ፍሬዎቹን እየቆጠርሁ እንድቀንስ ፈቀዱልኝ፤ ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ናቸውና እንዳልፈጫቸውና እንዳላኝካቸውም አስጠነቀቁኝ።

እናም ማታ ማታ በጥቁር ሳህን ላይ አፈሳቸዋለሁ፤ ከሰናፍጭ ቅንጣት የሚያንሱ ነጫጭ ፍሬዎች። በስቴኪኒ ጫፍ ዐሥር ዐሥር እያደረግሁ እለያለሁ። አንዳንዷ ትንከባለልና ጠረጴዛው ሥር ስትገባ ባለቤቴ ተንበርክኮ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ምሽት 60 ከደረስሁ በኋላ እጄ ቆመ፤ ከአደጋው በኋላ እስከ ሃያ እንኳ ሳልስት መቁጠር የማልችል ሰው ነበርሁና። ያን ጊዜ «የራሳችሁ ጠጉር ሁሉ እንኳ ተቈጥሮአል» የሚለው ቃል ማንም ሳይጠራው መጣልኝ። የተመታውን ራሴን በመዳፌ ያዝሁና ቆጠራው ጠፋብኝ፤ እንደገና ከአንድ ጀመርሁ።

ቁጥሩ ሲቀንስ ያመመኝ ሳምንት ነበር፤ ያን ጊዜ አንቀጥልም፣ ባለንበት እንቆያለን። ያለ ኪኒን ከሆንሁ አሁን አምስት ወር ሆነኝ። ሲደክመኝ ደማቅ ብርሃን ዛሬም ያስቸግረኛል።

የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች በዋጥሁበት ምሽት ባለቤቴ ሳህኑን እያጠበ ያችን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ፤ እንደ ለመደው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው» አልሁት።