ዛሬ የመረጥኳቸው በየተራቸው
ዛሬ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ለምትገኘው ፖርትላንድ ከተማ ምክር ቤት የሚወዳደሩትን የምርጫ ክልሌን እጩዎች በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ምሽቱን ሙሉ ወሰደብኝ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2022 ባጸደቀው የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ ማሻሻያ መሠረት ከ4 የምርጫ ክልሎች ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 12 አባላት የሚመረጡ ሲሆን፣ መራጩም እስከ 6 እጩዎችን በደረጃ ማስቀመጥ ይችላል። ከ25 በመቶ በላይ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል፤ ትርፍ ድምፁም ሆነ ከውድድሩ የወጡት እጩዎች ድምፅ ወደ መራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይተላለፋል። ከዚህ ቀደም ድምፄ እንዳይባክን በመስጋት፣ ከልቤ የማምንበትን ሰው ትቼ ያሸንፋል የተባለውን የመረጥኩበት ጊዜ ስለነበረ፣ የዛሬው አንደኛ ምርጫዬ እውነተኛ ደስታ ሰጥቶኛል። የከበደኝ አራተኛውና አምስተኛው ነበር፤ እጩዎቹ ስለ ቤት እጦት የጻፉትን ደግሜ አነበብኩ። በመጨረሻ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የያዘውን ፖስታ ፈርሜ በድምፅ መሰብሰቢያው ሣጥን ከተትኩት።