የአጋንንቱ ንጉሥ ከድንች መጥበሻው ፊት

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሠራሁት ዶሮና ድንች እየጠበሰ በሚሸጥ ምግብ ቤት ነው። ደሴ እያለሁ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም) ነው። ግን ያንን መጥበሻ ትቼ ስለ አኒሜው ማውራት አልችልም።

ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ 13 ዓመቱ ነው። አንድ እሁድ ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ። «አክስቴ፣ አንድ ክፍል ብቻ፣ ከዚያ ትተኛለሽ» አለኝ። በዚያ ሌሊት አራት ክፍል አየን።

«ሃታራኩ ማኦ-ሳማ!» ይባላል። «ሠራተኛው የአጋንንት ንጉሥ» እንደማለት ነው። ሳቶሺ ዋጋሃራ የሚባል ደራሲ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 በመጽሐፍ ጀመረው። በ2013 ዋይት ፎክስ የሚባለው ስቱዲዮ 13 ክፍል አኒሜ አድርጎ ሠራው። ታሪኩ የሚጀምረው ኤንቴ ኢስላ በሚባል ሌላ ዓለም ነው። ንጉሡ፣ ስሙም ሰይጣን፣ የአጋንንት ሠራዊት አስከትሎ የሰውን ዘር ሊገዛ ይነሳል። ኤሚሊያ የምትባል ጀግና ትገጥመዋለች፤ ይሸነፋል። ከጦር አዛዡ ከአልሲኤል ጋር በአስማት በር ሾልኮ ያመልጣል። በሩ የሚተፋቸው ቶኪዮ ውስጥ ነው። እዚያ አስማት የለም። ቀንዱም ግርማውም ጠፍቶ ተራ ወጣት ሆኖ ይቀራል።

ከሶፋው ቀና ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ፖሊስ ያናግራቸዋል፤ አይሰሙትም። የሚናገሩት ለዚህ ታሪክ ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ ጃፓናዊው ተመልካች ራሱ ትርጉሙን ከሥር እያነበበ ነው የሚከታተለው። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ፊዚክስ ያስተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝና ከመኪናቸው ሳይወርዱ የሚያዙትን ደንበኞች ትእዛዝ ተቀበይ አሉኝ። የሰማሁት ነገር ካስተማርኩበት እንግሊዝኛ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። አንዱ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። በአራተኛው ጥሎኝ ሄደ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ምንም ሳትል ማዳመጫውን ወስዳ ወደ ድንቹ ጠቆመችኝ።

ንጉሡም መሥራት ግድ ይሆንበታል። ሳዳኦ ማኦ የሚል ስም ይይዛል። ሃታጋያ በሚባለው ሰፈር ማግሮናልድ የሚባል የበርገር ቤት ይቀጠራል (የየትኛው ቤት ስም ትንሽ ተጣሞ እንደተጻፈ ይገባችኋል)። ጃፓኖች «አሩባይቶ» የሚሉት ሥራ ነው፤ ቋሚ አይደለም፣ ክፍያው በሰዓት ነው። ሃታጋያም ሆነ የሚኖርበት ሳሳዙካ ቶኪዮ ሺቡያ ውስጥ ያሉ እውነተኛ ሰፈሮች ናቸው።

ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ከሰው ጋር መኖር ሲለምድ የሚያሳይ ኮሜዲ በአኒሜ ብዙ አለ። ድራጎኗ የቤት ሠራተኛ የምትሆንበት አለ። መልአኳ ለትምህርት መጥታ በጌም ሱስ የምትጠመድበት አለ። ብዙ ጊዜ ሳቁ ካለማወቅ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ምንድነው፣ ያ እንዴት ይሠራል እያሉ። እዚህ ግን ያ ቶሎ ያልቃል። ሰውዬው ይማራል። ቋንቋውን ይማራል፣ ሥራውን ይማራል፣ በቁንዶ በርበሬ የተጠበሰውን ድንች እንዴት ብሎ ለደንበኛ እንደሚያቀርብ ይማራል። ዓለምን ሊገዛ የተነሳው ንጉሥ አሁን ሕልሙ ቋሚ ሠራተኛ መሆን ነው። ሕልሙንም ከልቡ ይዞታል። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ይሄው ነው። ደራሲው ሥራውን አይንቅበትም። «የት ነበርክ፣ የት ወረድክ» ብሎ አይስቅበትም። ድምፁን የሚሰጠው ርዮታ ኦሳካ ንጉሥ ሲሆን ከደረቱ ያጓራል፤ ካሸር ላይ ቆሞ «ኢራሻይማሴ!» (እንኳን ደህና መጡ) ሲል ግን ድምፁ እንደ ጠዋት ፀሐይ ይፈካል። ሁለቱም ከልብ ናቸው።

ድንች ስትጠብሱ ዘይቱ ወደ 177 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ቅርጫቱን ስታወርዱት ይንጫጫል። የሚንጫጫው ዘይቱ አይደለም፤ ከድንቹ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ውሃ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እስከገፋ ድረስ ዘይቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር ሰዓቱ ሳይጮህ በድምፁ ብቻ መድረሱን አውቅ ጀመር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ማኦ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሥራውን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ሲሠራ ሳይ ግን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ቪዲዮውን አቁሞ «እንደገና ንገሪኝ» አለ። በወረቀት ስዬ አሳየሁት። ለስንት ጊዜ ያህል ከክፍል ርቄ የቆየሁት እኔ ያን ማታ አስተማርኩ።

ቤቱስ! ስድስት ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) የምታህል አንዲት ክፍል ናት፣ ወደ 10 ካሬ ሜትር። በዚያች ክፍል ንጉሡና አዛዡ ይኖራሉ፤ በኋላ ሌላው የጦር አዛዡ ሉሲፈርም ይጨመርባቸዋል። አልሲኤል አሁን አሺያ ነው። ያ ሠራዊት ያዘምት የነበረ ስልተኛ ጭንቅላት አሁን ቅናሽ ያለበትን ሱቅ ይከታተላል፣ ሩዝ ያበስላል፣ ሳንቲም ይቆጥራል። ሉሲፈር በኢንተርኔት አንድ ነገር ገዝቶ የማኦን ካርድ ሲያስከፍል የአሺያ ፊት የሚሆነውን እዩት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር አንዷ የቤቱን ገንዘብ ትይዝ ነበር። ሦስት ፖስታ ነበራት። አንዱ የኪራይ፣ አንዱ የአስቤዛ፣ አንዱ ወደ አገር ቤት የሚላክ። ከሦስተኛው ፖስታ ማንም ተበድሮ አያውቅም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ክፍል ዝናብ ይዘንባል። ማኦ ወደ ሥራ ሲሄድ ዝናብ ያስጠለላት አንዲት ልጅ ያያል። ያለችውን ጃንጥላ ሰጥቷት እየረጠበ ይሄዳል። ልጅቷ ኤሚሊያ ናት። ልትገድለው ተከትላው የመጣችው ጀግና። ስታውቀው ርካሽ ዕቃ ከሚሸጥበት የመቶ የን ሱቅ የተገዛ ቢላ ይዛ ትመጣበታለች። ፖሊሶቹ የፍቅረኞች ጠብ መስሏቸው ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ። በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላው ነገር ይመጣል። ኤሚሊያ የስንዴ ገበሬ ልጅ ናት። የአጋንንቱ ሠራዊት መንደሯን አጥፍቶባታል፣ አባቷንም አሳጥቷታል። አሁን እሷም በስልክ ደንበኛ የምታስተናግድ ሠራተኛ ናት፤ ይህን ያደረሰባት ንጉሥ ደግሞ ባቡሯ በሚያልፍበት ሰፈር በርገር ይሸጣል፣ ጎረቤት ይረዳል፣ ደግ ነው። ይቅር ትበለው? አኒሜው ቶሎ ብሎ አያስታርቃቸውም። ለዚህ አከብረዋለሁ። እኛም አገር ከበደለው ሰው ጋር በአንድ መንገድ የሚመላለስ ስንት ሰው አለ። የበደለውን ሰው ጨዋነት ሲያይ ደግሞ የበለጠ ያመዋል።

የማይጥመኝም አለ። ቺሆ የምትባለው ተማሪ አብራው የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሥዕሉ ግን ሰውነቷ ላይ ይቆይባታል። ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ያሳቅቃል፣ የተማሪ ልጅ ነገር ስለሆነ ደግሞ ያናድዳል። ሁለተኛው ዙር በ2022 መጣ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ስቱዲዮ። ሥዕሉ ላልቷል። ማኦን አባዬ፣ ኤሚሊያን እማዬ የምትለው ሕፃን ባትኖርበት አልጨርሰውም ነበር።

እናቴ ደሴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን። ምን እያየሽ ነው ስትለኝ ነገርኳት። «በስመ አብ! ሰይጣን ታሳዪዋለሽ ልጁን?» ብላ አማተበች፤ በስልክ ሰማሁት። ታሪኩን ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ሥራውን፣ ጠባቧን ክፍል፣ ጃንጥላውን። ዝም ብላ ቆየች። «አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እኮ አንዱን አጥምቀው አመንኩሰውታል። ገድላቸው ላይ አለ» አለች በመጨረሻ። ልጅ እያለሁ በዓላቸው ሲነበብ ከጎኗ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ነገር ነው። ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሙን አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የጤናውን፣ የጎረቤቱን፣ የጤፉን ዋጋ ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያ ልጅ ቋሚ ሆነ?»

«ገና ነው እማ።»

«እንግዲህ ይጠንክር» አለችኝ።