በሌብል መግዛት፦ ከሃውስና ከቴክኖ ሸክላ ጋር እስካሁን

በአርቲስት ስም መፈለግ ትቻለሁ። አሁን የምከተለው ሌብሉን፣ ማለትም ሸክላውን የሚያሳትመውን ቤት ነው። ጆሮዬን ከየትኛውም ፕሌይሊስት በላይ ያስተማረው እሱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሃውስና ቴክኖ በሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃዎች ላይ አንድ ፕሮዲውሰር ሦስት አራት ስም ይኖረዋል፤ ዛሬ በአንዱ ያወጣል፣ ነገ በሌላው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያለ ስም። ሌብሉ ግን ያው ነው። ትንሽ ሌብል ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ የወደዱትን መርጠው ጥቂት መቶ ኮፒ ያሳትማሉ፣ ካለቀ አለቀ። የነሱን ምርጫ ካመናችሁ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትን ልጅ ሸክላ ብትገዙም ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ አይቀርም። ለኛ አዲስ ነገርም አይደለም እኮ። በካሴቱ ዘመን ታላላቆቻችን «የማን ሙዚቃ ቤት ነው ያወጣው?» ይሉ ነበር። ከዚያ በፊትም አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት፣ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ እያለ፣ የራሱን ጆሮ አምኖ ነው የገባበት።

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ነኝ፤ ስለዚህ መነሻዬ ሩቅ አልነበረም። 1432 አር የሚባለው ሌብል የዚሁ ከተማ ነው፣ ከመሥራቾቹ አንዱም ዳዊት ኤክሉንድ ነው። መጀመሪያ ያወጡት የሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014። ከዚያ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን እንደገና ሙሉን አመጡ። እዚህ ላይ ክራርና ማሲንቆ እንደ ቅመም ጣል ተደርጎ አይደለም የምትሰሙት፤ ሙዚቃው የተገነባው እነሱ ላይ ነው። ከነሱ አንድ እርምጃ ስሄድ ፊውቸር ታይምስን አገኘሁ፣ እሱም የዲሲ ሌብል ነው፣ ቀለል ያለ፣ ሞቅ ያለ ሃውስ። አንዱ ሌብል ሌላውን ያስተዋውቃችኋል፤ ሪሚክስ የሠራው ማነው፣ ማን ያከፋፍለዋል፣ ማን ቆረጠው (ድምፁን ማስተር ሸክላው ላይ ማን ጫረው) እያላችሁ ትሄዳላችሁ።

ይሄ ነገር ሁሌ የሚያደርሰው የቴክኖ መነሻ ከተማ ዲትሮይት ነው። አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚባለው ቡድን ልጆች ሙዚቃውን ብቻ አይደለም የሠሩት፤ ሰብመርጅ የሚባል የራሳቸው ማከፋፈያም አላቸው፣ ሸክላቸው የሌላ ሰው ደጅ እንዳይጠና። የቴዎ ፓሪሽ ሌብል ሳውንድ ሲግኔቸር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። የኦማር ኤስ ሌብል ኤፍኤክስኤችኢም አዲስ ነገር ሲያወጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዝዘው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ አንዳንዱ ሰው «ያላለቀ ነው» ይላል። እኔ በተቃራኒው፣ ያ ሻካራነት ነው ትራኩን አሥር ጊዜ የሚያስደግመኝ።

ከዲትሮይት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሸክላውን አንሱና ከመብራት ሥር አዘንብሉት። ሙዚቃው አልቆ የመሀሉ ወረቀት ከመጀመሩ በፊት ለስላሳ ቀለበት አለ። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ የሌብሉ ቁጥር፣ የቆራጩ ምልክት፣ አንዳንዴም መልእክት። ዲትሮይት ውስጥ ናሽናል ሳውንድ ኮርፖሬሽን የሚባል ሸክላ መቁረጫ የነበረው ሮን መርፊ በዚህ ይታወቅ ነበር፤ ነፍሱን ይማር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው ያረፈው። ከመሀል ወደ ዳር የሚጫወቱ ሸክላዎችን፣ መጨረሻ የሌላቸው የሚሽከረከሩ ቀለበቶችንም ቆርጧል። አሁን አዲስ ሸክላ ሲመጣልኝ መርፌውን ከማሳረፌ በፊት መጀመሪያ የማነበው ያንን ነው። ማን እንደቆረጠው ካወቃችሁ ባሱ እንዴት እንደሚመታ ግማሹን ገምታችኋል።

በርሊን ላይ ደግሞ ሃርድ ዋክስ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የቆመ የሸክላ ሱቅ። ስለ አንድ ሸክላ የሚጽፉት አንድ መስመር አይሞላም። መጀመሪያ ላይ ያናድድ ነበር፤ አሁን ያቺ አንድ መስመር ትበቃኛለች፣ ሌላ ቦታ የሚጻፈው ሙገሳ ነው የሚሰለቸኝ። ዎርክሾፕ የሚባለውን የጀርመን ሌብል ያገኘሁትም በዚህ መንገድ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ማኅተም መትተው ያወጡታል፣ ትራኮቹ ርዕስ እንኳ የላቸውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ከአውሮፓ አንድ ሸክላ ለብቻው ማዘዝ አያዋጣም፣ መላኪያው ከዕቃው እኩል ይመጣል። ጓደኛ ሰብስባችሁ እዘዙ። ሙዚቃ በሚሸጥበት ድረ ገጽ በባንድካምፕ ላይ ከሆነ፣ ድርሻውን የሚተውበትን ዓርብ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ የወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ነው፤ በሌላው ቀን ከዲጂታሉ 15 በመቶ፣ ከሸክላው 10 በመቶ ይወስዳል። ለትንሽ ሌብል ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሁለት ሸክላ አስማምቶ ወደ ማቀላቀሉ ልምጣ፣ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ቴክኒክስ 1200 ማርክ 2 የሚባለው የዲጄ ማጫወቻ ፍጥነትን ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ብቻ ነው የሚቀይረው። 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) የሆነ ሃውስ እስከ ጥግ ብትገፉት 129.6 ይሆናል። 140 የሆነ ቴክኖ እስከ ጥግ ብትጎትቱት 128.8። የሚገናኙባት ቦታ አንድ ቢፒኤም እንኳ አትሞላም! በዚያ ላይ ፍጥነቱ ሲቀየር ቃናውም አብሮ ይቀየራል፤ ወደ 6 በመቶ ስትደርሱ ግማሽ ድምፅ ሄዷል። ስለዚህ አሁን ስገዛ ከ126 እስከ 132 ያሉትን ሆን ብዬ እፈልጋለሁ፣ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ሌላው መላ 33 (የዙሩ ብዛት በደቂቃ) የተጻፈበትን በ45 ማጫወት ነው፤ 100 ቢፒኤም የነበረ ዘገምተኛ ትራክ 135 ይሆንና ሌላ ፍጡር ሆኖ ይወጣል።

የሸክላው ዳርና መሀልም እኩል አይደሉም። ዳር ላይ መርፌው በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ወደ መሀል ሲጠጋ መንገዱ ያጥራል፣ የዙሩ ጊዜ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው የጎኑ ሁለተኛ ትራክ ላይ ሃይሃቱ፣ ያ ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ፣ ደብዘዝ የሚለው። በአንድ ጎን አንድ ትራክ፣ በ45 የተቆረጠ ካገኛችሁ አትለፉት።

አሁን የያዝኩት ነገር ችክችካን ከአራት ምት ጋር ማስኬድ ነው። በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ አይገጥምም የሚል አለ። ይገጥማል። ስድስቱን ትንንሽ ምቶች ሦስት ሦስት አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ኪክ (የቴክኖውን ወፍራም የከበሮ ምት) ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ አሳርፉት፤ ቢፒኤሙን ስትቆጥሩ ከየሦስቱ አንዱን ብቻ ቁጠሩ። ባዶ የሆነ፣ ኪክና ባስ ብቻ ያለው ቴክኖ ከታች ይዘርጋ፤ ሃይሃት የበዛበት ከሆነ ግን ከሦስቱ ምት ጋር ይጣላል፣ ወዲያው ነው የሚሰማችሁ። በተለይ ዘፈኑ በባንድ የተቀረጸ ከሆነ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ጣታችሁ ከፒቹ (ከፍጥነት መቀየሪያው) ላይ አይነሳ።

ጉራጌኛው ይቀላል ብዬ እገምታለሁ፣ ምቱ ከአራቱ ጋር ስለሚቀራረብ። ከሊዝበኑ ሌብል ከፕሪንሲፔ ሸክላዎች ጋር ልሞክረው አስቤያለሁ፤ የነሱ ከበሮም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀድሞ የሞከረ ካለ በስንት ቢፒኤም እንደያዘለት ይንገረኝ።