በድሬዳዋ ሙቀት ፊልም ማጠብ

ካሜራው ዜኒት ኢ ነው፤ ከአጎቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2፣ 58 ሚሊሜትር። የብርሃን መለኪያው ሞቷል። ግን ባትሪ የሚባል ነገር አይፈልግም፤ ሁሉም በእጅ ነው።

መለኪያ ስለሌለኝ በድሮ ፎቶ አንሺዎች ስሌት ሄድኩ። ጥርት ባለ ፀሐይ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 16 ላይ ታደርጋለህ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ፊልሙ ለብርሃን ካለው የስሜት ቁጥር ጋር እኩል። ኤፍፒ 4 የሚባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ቁጥሩ 125 ነው፤ ዜኒት ላይም 125፣ ማለትም የሰከንድ 125ኛ፣ አለ። የድሬ ፀሐይ ደግሞ አታታልልም።

የመጀመሪያው ፊልሜ ግን ተበላሸ። ይህ ሌንስ ሁለት ቀለበት አለው። አንዱ የመረጥከውን ቁጥር ይይዛል፣ ሌላው ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከፍተህ ፎከስ ካደረግክ በኋላ ራስህ መዝጋት አለብህ። ባቡር ጣቢያው ፊት ቆሜ መዝጋቱን ረሳሁት። በ16 ፋንታ በ2 ስለተነሳ 64 እጥፍ ብርሃን ገባ። ኔጋቲቩ፣ ብርሃን የነካው ሁሉ ጠቁሮ የሚወጣበት የታጠበው ፊልም፣ ከሰል መሰለ። ከዚያ ወዲህ ማያው ውስጥ ሲጨልም በዓይኔ ካላየሁ አልጫንም።

ሌንሱን በ2 ከፍቼ የማነሳው ጥላ ውስጥ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱን 500 አድርጌ። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ሰው አቁሜ ሳነሳ፣ በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ብርሃን ከሰውየው ጀርባ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ይህን ሌንስ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና እጥበቱ ነው። ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ የዴቨሎፐሩ፣ መመሪያ 20 ዲግሪ ይላል። እኛ ጋ በቀትር ከሮቶ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል። አከራዬ እማማ ከፍሪጃቸው በረዶ ሰጡኝ፤ ሳፋ ውስጥ ጨምሬ ዴቨሎፐሩን በትክክል 20 አደረስኩት። ደስ አለኝ። ከዚያ ፊልሙን በቧንቧ ውሃ አለቀለቅኩት። ሲደርቅ በማጉያ አየሁት፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንደሚሰነጠቅ ደለል ሆኗል። ፊልሙ ላይ ያለው ጌላቲን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በድንገት ሲገባ ያብጥና ይሸበሸባል። አዳዲስ ፊልሞች የተሻለ ይችሉታል፤ ያ ግን ጊዜው ያለፈበት ነበር።

ስለዚህ 20ን ማሳደድ ተውኩ። አሁን ሁሉንም 24 ላይ ነው የማደርገው፤ ዴቨሎፐሩን፣ ምስሉን የሚያጸናውን ፊክሰር፣ የማለቅለቂያውን ውሃ ሳይቀር። ውሃውን ማታ በጀሪካን ቀድቼ አሳድራለሁ። ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ጎደሎውን ትንሽ በረዶ ይሞላዋል። አይዲ 11 ዴቨሎፐርን ከእኩል ውሃ ጋር ስቀላቅል፣ ኤፍፒ 4 በ20 ዲግሪ 11 ደቂቃ ይፈልጋል። በ24 ወደ 8 ደቂቃ ይወርዳል። ሳይቀላቀል ቢሆን ሰዓቱ ይበልጥ ያጥራል፤ ከ5 ደቂቃ ሲያንስ ደግሞ ፊልሙ እኩል አይታጠብም፣ አንዱ ጎን ይጠቁራል፣ ሌላው ይሳሳል።

ፊልሙን በጨለማ ወደ ማጠቢያው ታንክ መጠቅለያ ማስገባትም በሙቀት ከባድ ነው። እጅ ያልበዋል፣ ፊልሙ መሃል ላይ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ታግዬ ጫፉን አጥፌዋለሁ። አሁን ጎህ ሳይቀድ፣ እጄን ታጥቤ በደንብ አድርቄ ነው የምጀምረው። ማድረቂያዬ መታጠቢያ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ሻወሩን ከፍቼ እንፋሎቱ አቧራውን ያወርደዋል።

ባለፈው እማማን ከዛፉ ሥር አንስቻቸው፣ ፊልሙን መታጠቢያ ቤት ሰቅዬው ነበር። ገብተው ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

«ልጄ፣ ነጠላዬን ምን አጠቆረብኝ?» አሉኝ። «ሽበቴንስ የት አደረስከው?»