አካታችነትን በጤና ባለሙያዎች ተከታታይ ሥልጠና ውስጥ ያስገባንበት መንገድ

ላለፉት ዓመታት በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ማዕከልን ሳስተባብር ቆይቻለሁ። የሙያ ፈቃድ እድሳት ከሥልጠና ነጥብ ጋር ከተያያዘ ወዲህ ከየጤና ጣቢያው የሚላክልን ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንንና ሐኪም እየበዛ ሄዷል። ብዝኃነትን፣ ፍትሐዊነትንና አካታችነትን በሥልጠናዎቻችን ውስጥ እንድናስገባ በተጠየቅን ጊዜ ከባልደረቦቼ የቀረበው ሐሳብ ለብቻው የሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት እናዘጋጅ የሚል ነበር። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ስለነበር፣ ሠልጣኞቻችን ሦስቱን ቃላት በቃላቸው ያውቋቸዋል። ስለ አክብሮት ብቻ የሚያወራ ትምህርት ሲሰጥ ሁሉም ተስማምቶ ይሰማል፤ ወደ ሥራ ክፍሉ ሲመለስ ግን ከትናንቱ ምን ለይቶ እንደሚሠራ አያውቅም።

ስለዚህ ቀድሞ በነበሩን የቁስል እንክብካቤ፣ የእናቶች ክትትልና የድንገተኛ ሕክምና ሞጁሎች ውስጥ ያሉትን የታካሚ ታሪኮች አንድ በአንድ አነበብን። በወረቀቱ ላይ ያለው ታካሚ ከሞላ ጎደል አማርኛ የሚናገር፣ የሚሰማ፣ በእግሩ ሄዶ አልጋ ላይ የሚወጣና የታዘዘለትን መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው ነበር። የሕክምናውን ጥያቄ ሳንነካ ሰውየውን ለወጥነው። አንዷ ነፍሰ ጡር መስማት የተሳናት ሆነች፤ ሌላው ታካሚ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ሌላዋ ደግሞ ጎረቤቶቿ አብረዋት ማዕድ የማይቆርሱ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ሠልጣኙ ትክክለኛውን መድኃኒት ቢያዝም ታካሚው መመሪያውን እንዴት እንደሚረዳና መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ካልመለሰ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

ብዙ የደከምንበት ክፍል በተለምዶ ከዝሆኔ ጋር የሚደባለቀው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። እንደ ወላይታ ባሉ ቀይ አፈር ባላቸው ከፍተኛ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግራቸው ያረሱ ሰዎችን የሚያጠቃው ይህ የእግር ማበጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ በኩል በመግባታቸው የሚመጣ ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ስለሚወረስ ግን ኅብረተሰቡ የዘር እርግማን አድርጎ ያየዋል፤ ከጤና ባለሙያዎች መካከልም በንክኪ ይተላለፋል ብለው የሚያምኑ አጋጥመውናል። እነዚህን ባለሙያዎች መውቀስ ሳያስፈልግ የበሽታውን አመጣጥ በሚገባ ማስተማሩ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል። ከዚያም እያንዳንዱ ሠልጣኝ የታካሚን እግር በሳሙና አጥቦ፣ በፀረ ተሕዋስያን ዘፍዝፎ፣ ቅባት ቀብቶና በፋሻ ጠቅልሎ ያሳያል። ሥራውን የምታሠለጥነው ራሷ ከበሽታው ጋር የምትኖር ሴት ናት። የአሠልጣኝነት ክፍያዋ በየትኛው የሙያ ደረጃ ይታሰብ የሚለው ጥያቄ በፋይናንስ ክፍል ለወራት ሲንከባለል ቆይቷል፤ ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ያለ ክፍያ ብትመጣ ኖሮ ሠልጣኞቹ የሚያዩዋት እንደ ማሳያ እንጂ እንደ መምህር አልነበረም።

የምንጠቀምባቸው ሥዕሎችም መታረም ነበረባቸው። ከውጭ የመጡት የማስተማሪያ ስላይዶች የቁስል ኢንፌክሽንን በቀላ ነጭ ቆዳ ላይ ያሳያሉ፤ በእኛ ታካሚ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና እብጠቱን በእጅ መዳሰስ፣ ቢጫ መሆንን በዓይን ነጩ ክፍል፣ የኦክስጅን እጥረትን ደግሞ በምላስና በከንፈር ውስጠኛ ክፍል መፈለግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ) የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ዕድል በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህን በድንገተኛ ሕክምናው ሞጁል ውስጥ ስናስገባ ስለ ፍትሐዊነት መስማት ሰልችቷቸው የነበሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ።

የቋንቋው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። በአገራችን ሁኔታ ስለ ብሔር ልዩነት በአዳራሽ መናገር ከፖለቲካ ጋር ስለሚያያዝ፣ አንዳንድ ሠልጣኞች ርዕሱን ሲያዩ ዝም ማለትን መረጡ። እኛም እገሌ የሚባለው ብሔረሰብ እንዲህ ያምናል የሚል ዝርዝር ላለማስተማር ወሰንን፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር አንዱን ጭፍን ግምት በሌላ ከመተካት አያልፍምና። በምትኩ ያስተማርነው ከታካሚው ጋር መግባባት ያቃተው ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት እውነቱ እንደማይነገር ሠልጣኞቹ ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። በመሆኑም የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ስለ ምስጢር አጠባበቅ አጭር ሥልጠና ወስደው፣ በልምምዱ ላይ ከባለሙያዎቹ ጋር በአስተርጓሚነት እንዲሠሩ አደረግን።

ማን ይሠልጥን የሚለው ጥያቄም ራሱ የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው። ከከተማ ውጪ ለቀናት የሚሰጥ ሥልጠና ውሎ አበል ስላለው ለኃላፊዎች ቅርብ የሆኑት ይደጋገሙበታል፣ የምታጠባ ነርስ ደግሞ አትመረጥም፤ ብትመረጥም ትቀራለች። ከየተቋሙ የሠለጠኑትን ስም ዝርዝር ይዘን ተራ ያልደረሳቸው እንዲላኩልን ጠየቅን፣ የሕፃን ማቆያ ክፍል አዘጋጀን፣ ከፊሉንም ትምህርት ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ወስደን ከሰዓት በኋላ ሰጠን። ዝርዝሩን መጠየቃችን ያስቀየማቸው ኃላፊዎች አልጠፉም።

ውጤቱን በድኅረ ሥልጠና ፈተና ብቻ ለመለካት አልፈለግንም፤ በወረቀት ላይ አድልዎ አደርጋለሁ ብሎ የሚመልስ ሠልጣኝ የለምና። በታካሚው ካርድ ላይ የሚናገረውን ቋንቋና ያስተረጎመለትን ሰው የሚያመለክት መስመር አስጨምረን፣ ለክትትል ስንሄድ ካርዶችን አገላብጠን እናያለን። በቀን ተረኞች ካርድ ላይ መስመሩ በአብዛኛው ተሞልቶ ስናገኘው የማታዎቹ ግን ባዶ ነበሩ፤ ለዚህም ምክንያቱ አስተርጓሚ ሆነው የሠለጠኑት ሠራተኞች ሁሉም የቀን ፈረቃ ላይ መሆናቸው ነው። አሁን ከሜትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) እና ከሰው ሀብት ክፍል ጋር የምንነጋገረው ቢያንስ አንዳቸው በየማታው ተረኛ የሚሆኑበትን መርሐ ግብር ለማውጣት ነው።